የዋርሶ ከተማና ሠዓሊዋ

በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ፥ በቀድሞው የነገሥታት ግንብ ውስጥ፥ ግድግዳው በከተማ ሥዕል የተሸፈነ አንድ አዳራሽ አለ። ሥዕሎቹ 22 ናቸው፤ ሠዓሊያቸውም ቤርናርዶ ቤሎቶ ይባላል። ጐብኚው እነዚህን ሥዕሎች ካየ በኋላ ወደ ከተማዪቱ ሲወጣ፥ የዛሬው መንገድ ከሥዕሉ መንገድ ጋራ እጅግ ተመሳስሎ ያገኘዋል፤ ሠዓሊው ያየውን እንዴት በትክክል ቢሥለው ነው ብሎም ይደነቃል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሥዕሉን አይታ እንደ ገና የተሠራችው ከተማዪቱ ናት። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል። የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቤሎቶ የቬኒስ ተወላጅ ነው። እናቱ የታላቁ ሠዓሊ የካናሌቶ እኅት ስለ ነበረች ሙያውን የተማረው ከአጎቱ ዘንድ ነው፤ በሰሜን አገሮችም እርሱ ራሱ ካናሌቶ እየተባለ ይጠራ ነበር። ከተማ የሚሥሉ የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች በአንድ ወገኑ መነጽር የተገጠመበት ጨለማ ሣጥን ይጠቀሙ ነበር። የሕንፃው ብርሃን በመነጽሩ ገብቶ በውስጡ በተዘረጋው ወረቀት ላይ መልኩን ሲያሳርፍ፥ ሠዓሊው መስመሩን እየተከተለ ይነድፈዋል። የቤሎቶ ግንቦች ቀጥ ብለው መቆማቸው፥ መስኮቶቻቸውም አንድ በአንድ የሚቈጠሩ መሆናቸው በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

በ1747 የሳክሶንያ ገዥና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው አውጉስቶስ ሦስተኛ ወደ ድሬስደን ጠራው። በዚያም ብዙ ሠራ። ነገር ግን በ1760 የፕሩስያ ጦር ከተማዪቱን በመድፍ በደበደበ ጊዜ የራሱ የቤሎቶ ቤት ከነንብረቱ ጠፋ። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ድብደባ የተጐዳውን የመስቀል ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ሣለው፤ ግንቡ ለሁለት እንደ ተሰነጠቀ እንጨት ግማሹ ወድቆ ግማሹ ቆሟል፥ ከሥሩም ሠራተኞች ፍርስራሹን ያነሣሉ፥ ሕዝቡም ቆሞ ይመለከታል። እኛ ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን እናስበልጣለን። የነገሥታትን አደባባይ ለማሳመር የተቀጠረ እጅ፥ የወደቀውን ምንም ሳይሸፍን ጡብ በጡብ መዝግቦታልና።

ወደ ዋርሶ የመጣው በ1767 ነው። ንጉሡ ስታኒስላው አውጉስት ፖንያቶውስኪ ሠዓሊው አደረገው፤ ቤሎቶም በ1780 እስኪሞት ድረስ የከተማዪቱን መንገዶችና ቤተ መንግሥቶች ሣለ። በመንገዱ ላይ ሠረገላውንና መነኵሴውን፥ ቸርቻሪውንና ለማኙንም አልተወም። ከሞተ በኋላ ሥዕሎቹ ከአገሪቱ ጋራ አብረው ተንከራተቱ። በ1832 ወደ ሩስያ ተወሰዱ፤ ከ1921 የሪጋ ውል በኋላ ተመለሱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ጀርመኖች ዘረፏቸው፥ ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ተገኙ።

ሥዕሎቹ ሲመለሱ ከተማዪቱ አልነበረችም። የዋርሶ ሕዝብ በነሐሴ 1944 በጀርመን ላይ ተነሥቶ፥ በጥቅምት መጀመሪያ ድል ከሆነ በኋላ፥ የጀርመን ጭፍሮች በእሳትና በፈንጂ ቤቱን ሁሉ በተራ አፈረሱት። በጥር 1945 ከመቶው ሕንፃ ሰማንያ አምስት ያህሉ ወድሞ ተገኘ። ዋና ከተማው ወደ ሌላ ሥፍራ ይዛወር፥ ፍርስራሹም ለመታሰቢያ ይቅር ያሉ ነበሩ። የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ሹም የነበረው መሐንዲስ ያን ዛክቫቶቪች ግን ይህን አልተቀበለም። የጠፋን ሕንፃ አስመስሎ መሥራት በሙያው ሕግ ነውር መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሆን ተብሎ የጠፋ ታሪክ ግን ጠፍቶ መቅረት የለበትም ሲል ተከራከረ።

ለሥራው ሁለት ምስክር ነበር። አንደኛው፥ የዋርሶ የሕንፃ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች ከጦርነቱ በፊትና በወረራው ዘመን በስውር ለክተው ያዘጋጁት ንድፍ ነው፤ ይህም ከፈረሰችው ከተማ ወጥቶ በፒዮትርኮቭ ገዳም ተደብቆ ተረፈ። የአሮጌው ከተማ ገበያ በ1953 የተመረቀው በተለይ በዚህ ንድፍ ነው። ሁለተኛው የቤሎቶ ሥዕል ነው፤ በክራኮቭስኪ መንገድና በሚዮዶቫ መንገድ ያሉት ብዙ ሕንፃዎች በእርሱ መሪነት ተነሡ። ግንቡ ራሱ ብዙ ቆየ፤ ሥራው በ1971 ተወስኖ፥ በሕዝብ መዋጮ ተሠርቶ፥ በ1984 ለጐብኚ ተከፈተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ምንም ጨለማ ሣጥን ቢይዝ፥ ቤሎቶ የንጉሥ ሠዓሊ ነበረ። አንዳንዱን ሕንፃ ከቆመበት መልክ አሳምሮ ሥሎታል፤ ያ ጌጥም ቀድሞ ኖሮ የማያውቅበት ግድግዳ ላይ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተጨመረበት ሥፍራ አለ። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የዘመን ምርጫው ነው። ከቤሎቶ በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሮጌዎቹ ቤቶች ላይ የተደረበው ፎቅ፥ የነጋዴውና የተከራዩ ኑሮ ያለበት፥ እንደ እንከን ተቈጥሮ ሳይሠራ ቀረ። ኖቪ ሽቪያት የሚባለው መንገድ ጦርነቱ ካገኘው ይልቅ ዝቅ ብሎና ተስተካክሎ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። መሐንዲሶቹን ለመውቀስ አንደፍርም፤ ሥራቸውንም በ1980 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከዓለም ቅርሶች ጋራ መዝግቦታል። ሆኖም ለመታወስ የሚመረጥ ዘመን እንዳለ ሁሉ የሚተውም እንዳለ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ መንገድ አናውቅም።

ሙራኖቭን ግን ማንም እንደ ነበረ አድርጎ ሊሠራው አላሰበም። ይህ ሰፈር የአይሁድ ሰፈር የሆነው ከቤሎቶ በኋላ ነው። ጀርመኖች በ1940 በግንብ አጥረው ከአራት መቶ ሺሕ በላይ ሰው አጐሩበት፤ ነዋሪዎቹን ወደ ሞት ካጋዙ በኋላ፥ የቀሩት በሚያዝያ 1943 ጦር አንሥተው ተዋጉ፥ ሰፈሩም ከመሬት ጋራ እኩል ተደረገ። ሰፈሩ ይመለስ የሚለው ሰው ከሰፈሩ ጋራ አልቆ ነበር። መሐንዲሱ ቦህዳን ላኸርት ከ1949 ጀምሮ አዳዲስ መኖሪያዎችን በዚያው በፍርስራሹ ክምር ላይ ሠራ፤ የተሰባበረውም ጡብ ተፈጭቶ ለግንቡ ድንጋይ መሥሪያ ሆነ። ዛሬ በሙራኖቭ የሚሄድ ሰው ከመንገዱ ወደ አንዳንዱ ቤት ደጃፍ ለመድረስ ደረጃ ይወጣል፤ ከደረጃው በታች ያለው የቀድሞው ሰፈር ነው።