ዕድሜና ብስለት በቀይ ወይን ጠጅ ታሪክ

በአውሮጳ የወይን ጠጅ ታሪክ ዕድሜና ብስለት እንደ አንድ ነገር የተቈጠሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገሩ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸው ይገለጣል፤ ዕድሜን የሚናገረው በዕቃው ላይ የተጻፈው ዓመት ሲሆን፥ ብስለትን የሚያረጋግጠው የቀማሹ ምላስ ነው። ጽሕፈትና ምላስ አንዳንድ ጊዜ ሲስማሙ፥ አንዳንድ ጊዜም ሲለያዩ የኖሩበት ታሪክ ከሮማውያን ይጀምራል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሮማውያን እጅግ ያከብሩት የነበረው ወይን ጠጅ በካምፓኒያ አገር በማሲኮ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ፋሌርኖ ነበር። ጠጁ አፉ በደንብ በታሸገ የሸክላ ጋን ይቀመጥ ነበር፤ የተጠመቀበትም ዓመት በዘመኑ ቆንሲል ስም ይታወቅ ነበር። ኦፒሚዩስ ቆንሲል በነበረበት በ121 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ የተጠመቀው ጠጅ ከሁሉ ይልቅ ዝነኛ ሆነ። ነገር ግን ፕሊኒዩስ በ1ኛው መቶ ዓመት ስለዚሁ ጠጅ ሲጽፍ፥ ወደ 200 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ቈይቶ እንደ መራራ ማር ረግቶ እንደ ነበር ይመሰክራል። ዝናው ሳይጠፋ መጠጥነቱ አልፎ ነበር ማለት ነው።

በ2ኛው መቶ ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ የማርቆስ አውሬልዮስ ሐኪም የነበረው ጋሌኖስ ለመድኃኒት መቀመሚያ የሚሆን ምርጥ ጠጅ ሲፈልግ፥ በቤተ መንግሥቱ ማከማቻ የነበሩትን የፋሌርኖ ጋኖች ጽሕፈት አነበበ፤ ከ20 ዓመት በላይ የሆናቸውንም ምሬት የሌለበት እስኪያገኝ ድረስ በተራ ቀመሰ። ጽሕፈቱ መንገዱን አሳየው፤ ፍርዱን የሰጠው ግን ምላሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ በርሜል የጋንን ቦታ እየወሰደ ሄደ። በርሜል ለጭነት የሚመች ቢሆንም አየር ያስገባል፤ በተለይም ከተጐደለ በኋላ ጠጁ ቶሎ ይኰመጥጣል። ስለዚህ በመካከለኛው ዘመን የቦርዶን ጠጅ የሚገዙት እንግሊዞች ይፈልጉ የነበረው አዲሱን ነበር፤ የአዲሱ መከር መርከብ ሲደርስ የአምናው ዋጋ ይወድቅ ነበር።

ይህን ሁኔታ የለወጡት ሁለት ተራ ነገሮች፥ ጠርሙስና ቡሽ ናቸው። በ1615 የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ እንጨት ለመርከብ ሥራ እንዲተርፍ ብሎ በመስተዋት ምድጃዎች እንዳይነድ ከለከለ። ሠሪዎቹም ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ፤ ከዚያም ጽኑ እሳት ወፍራምና ጠንካራ ጠርሙስ ወጣ። በ18ኛው መቶ ዓመት የጠርሙሱ ቅርጽ ቀጥ ብሎ በጐኑ ለማጋደም የተመቸ ሲሆን፥ ቡሹ በጠጁ እየረጠበ አየር መከልከል ቻለ። ከሮማውያን ወዲህ ተቋርጦ የነበረው የማብሰል ልማድም ተመለሰ።

በጠርሙሱ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከወይኑ ቅርፊትና ፍሬ የሚወጣው ታኒን የተባለው ነገር ጠጁ አዲስ ሳለ ምላስን ጨምድዶ ይይዛል። በዘመን ብዛት ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ይከብዳሉ፤ ከፊላቸውም አተላ ሆኖ ከታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ቀማሹ አስቀድሞ ጠርሙሱን አቁሞ ያቈየዋል፤ ከዚያም በሻማ ብርሃን አተላውን እየተመለከተ ቀስ አድርጎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጠዋል። ብርጭቆውን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘንበል ሲያደርገው በአዲስነቱ ሐምራዊ የነበረው ቀለም ከዳር ጀምሮ ጡብ መስሎ ይታየዋል። የትኩስ ፍሬ ሽታ ቀንሶ፥ የትምባሆ ቅጠል፥ የቆዳ፥ የእንጉዳይና የረጠበ የዱር አፈር መዓዛ ይተካል፤ የምላሱም ጭምደዳ ይለዝባል። ፍሬው ጨርሶ ሳይጠፋ ልዝበቱ ሲደርስ ያ ብስለት ይባላል። ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ የሚቀረው ኰምጣጣነትና ባዶነት ነው፤ እጅግ ያረጀ ጠጅ ከተከፈተ በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ መዓዛው ሊጠፋ ይችላል።

ጽሕፈት ግን እንደ ገና ሥልጣን አገኘ። በ1855 ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ነጋዴዎች ቀያዮቹን ጠጆች እንደ ዋጋቸው በአምስት ደረጃ መደቡ፤ ላፊት፥ ላቱር፥ ማርጎና ኦ ብሪዮን አንደኛ ሆኑ። ሙቶን ሮትሺልድ ከእነዚህ ጋር የተቈጠረው ከ118 ዓመት በኋላ በ1973 ነበር።

በ1976 በፓሪስ ፈረንሳውያን ቀማሾች አራት የቦርዶና ስድስት የካሊፎርኒያ ቀይ ጠጆችን ስማቸው ተሸፍኖ ቀመሱ። አንደኛ የወጣው ስታግስ ሊፕ የተባለው የካሊፎርኒያ የ1973 ጠጅ ነበር። የቦርዶ ወዳጆች የሰጡት መልስ፥ የቦርዶ ጠጅ ዘግይቶ ስለሚበስል ፈተናው ያለ ጊዜው ተደረገ የሚል ነበር። ክርክሩ በራሱ መሠረት ያለው ነበርና መልስ የሚሰጠው ጊዜ ብቻ ነበር። በ2006፥ ከ30 ዓመት በኋላ፥ እነዚያው አሥር ጠጆች በለንደንና በናፓ እንደ ገና ተቀመሱ፤ አንደኛው ሪጅ ሞንቴ ቤሎ የተባለው የ1971 ጠጅ ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹም አምስቱ ሁሉ የካሊፎርኒያ ነበሩ።

ይህ የቦርዶን የማብሰል ጥበብ ዋጋ አይቀንስም፤ የካሊፎርኒያ ሰዎችም የተማሩት ከዚያው ነውና። የሚያስረዳው ግን ጋሌኖስ በማከማቻው ውስጥ ያደረገውን ነው፤ ጽሕፈቱ ካነበቡት በኋላም ጠጁን መቅመስ ያስፈልጋል።