ጆን ደብሊው ብራውን (መርከብ)
በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የምትንቀሳቀስ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጭነት መርከብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1942 እዚያው ባልቲሞር ተሠራች። ከጦርነቱ በኋላ እስከ 1982 ድረስ በኒው ዮርክ የሙያ ትምህርት ቤት ሆና አገልግላለች። ታድሳም በ1991 በራሷ እንፋሎት ዳግም ተጓዘች።

በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በምታደርጋቸው የታሪክ ጉዞዎች የዘመኑን የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ከተሳፋሪው ጋር ይጨዋወታሉ፤ የ1940ዎቹ ሙዚቃ ይሰማል፤ የጦርነቱ ዘመን አውሮፕላኖች ሲያንዣብቡ መድፈኞቹ ወደየመድፋቸው ይሮጣሉ። ጥቃቱ እርግጥ ትርኢት ነው። ከመርከቧ ወለል በታች ግን 2,500 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተር አለ፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ ቆሞ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹን ዘይት የሚያጠጣው ፈቃደኛ የጥንቱን ሥራ በትክክል እየሠራ እንጂ እየተወነ አይደለም።