የእናቴ ቅቤና የጠርሙሱ ጉሎ

«የቅቤ ነጋዴ ድርቅ ያወራል» ይላል ያገሬ ሰው። ባለፈው ዓመት ከአንድ የመዋቢያ ዕቃ መሸጫ ገብቼ ሻጯ ስለ ፀጉሬ ድርቀት ስትሰብክልኝ ትዝ ያለኝ ይኸው ተረት ነበር። ቢሆንም አልተቀየምኳትም፤ እውነቷን ነዋ! ስንት ዓመት በካውያ የተጠበሰ፣ በማለስለሻ ኬሚካል የተነከረ፣ በሹሩባ ተወጥሮ የከረመ ፀጉሬ ከግንባሬ ግራና ቀኝ ሳስቶ ቆዳው መታየት ጀምሮ ነበር። እናም «የተፈጥሮ ዘይት» የሚል የተጻፈባት፣ ወፍራም ወርቅማ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ገዛሁ። እናቴ ዋጋዋን ስትጠይቀኝ አፍሬ ግማሹን ቀንሼ ነገርኳት።

እናቴ ጠርሙሷን ከፈተች፤ አሸተተች፤ ጠብታውን በጣቶቿ መካከል አሸት አሸት አደረገችና «ይኼ እኮ ጉሎ ነው!» አለች። «ጓሯችን በቅሎ የለም እንዴ? አዲስ ምጣድ የማሟሽበት!»

መቼም ሰው የደጁን የሚያውቀው ሩቅ ሄዶ ሲመለስ ነው። ጉሎ ሊቃውንት የትውልድ ቦታው ምሥራቅ አፍሪካ ነው የሚሉት፣ በየአጥሩና በየጓሮው ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ተክል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ ግብጽ ውስጥ የተጻፈው፣ ዛሬ ጀርመን አገር ላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኤበርስ ፓፒረስ የተባለ የሕክምና መዝገብ ስለዚሁ ተክል ያወሳል። የሴት ፀጉር እንዲያድግ ፍሬው ይወቀጥ፣ ከቅባት ጋር ይለወስ፣ ሴቲቱም ራሷን ትቀባው ይላል። ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም ግብጻውያን ዘይቱን «ኪኪ» እንደሚሉትና ገሚሶቹ ፍሬውን ወቅጠው ሲጨምቁት ገሚሶቹ ቆልተው እንደሚያፈሉት፣ ሽታውም ከባድ እንደሆነ ጽፏል።

ወደ እኛ ስንመለስ ደግሞ በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ፣ ፔሪፕለስ የሚባለው፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የወይራ ዘይትን ይጠቅስና «ብዙ አይደለም» ሲል ያክልበታል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጥቂት ከነበረ፣ የአገሬው ሰው ራስ በምን ይወዛ ነበር? መልሱን ቋንቋችን ራሱ ሹክ ይለናል። «ቅቤ» የምንለው ቃል የግዕዙ «ቅብእ» ዘር ነው፤ «መቀባት»ም ከዚያው ይመዘዛል። ንጉሥ ሲነግሥ የሚቀባበትና እናት የልጇን አናት የምታርስበት በስም ዘመዳሞች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1843 በምጽዋ በኩል የገባ ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ሦስት ዓመት ያህል እንደ አገሬው ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ሄዶ ኖሯል። በ1853 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፉ፣ ራሱን ከፀሐይ የሚከልልበት ከገዛ ፀጉሩና ባገኘ ጊዜ ከሚቀባው ቅቤ በቀር ሌላ ነገር እንዳልነበረው ሳያፍር ያወጋናል።

እኔ ግን አፍሬያለሁ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እናቴ እሑድ ማታ ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ አድርጋ፣ በጣቶቿ እያሸች አስገብታ፣ በሻሽ ሸብ አደረገችልኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ፀሐዩ ሲበረታ ቅቤው በማጅራቴ ወርዶ ደብተሬን አረሰው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ተነሣች፤ ክፍሉ ሳቀ። ቤት ገብቼ ራሴን በልብስ ሳሙና ፈተግሁና እናቴን «ሁለተኛ እንዳትነኪኝ!» አልኳት። አልተቆጣችም። የተረፈውን ቅቤ ከድና አስቀመጠችው፤ ከዚያች ቀን ወዲህ እጇ ራሴን ነክቶት አያውቅም።

ወደ ጠርሙሷ ልመለስ። ያችኑ ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ ከመስተዋት ፊት ቆሜ ብቻዬን ተቀባሁ። ስታልቅ ሌላ ልገዛ ስነሣ እናቴ «ተይው» ብላ ከጓሮ ጉሎውን ለቀመች። ፈለፈለች፤ ቆላች፤ ወቀጠች፤ በውሃ አፈላች፤ ላዩ ላይ የሰፈፈውን ቀድታ ውሃው እስኪያልቅ እንደገና አበሰለችው። ሄሮዶቱስ ከጻፈው ሁለተኛው ዘዴ ጋር አንድ ነው! ጥሬው ፍሬ ሪሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ ስላለው ልጆች እንዳይነኩት ከለከለች፤ ፋጉሎውንም ለከብት እንዳይደርስ ጉድጓድ ምሳ ቀበረችው። ሪሲን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ እሳትም ያከሽፈዋል። ይህን እኔ ያነበብኩት ከመጽሐፍ ነው፤ እሷ ግን ጥንቃቄውን ከእናቷ ወርሳዋለች።

ያበቅላል ወይ? ለምትሉኝ እውነቱን ልንገራችሁ። ከጉሎ ዘይት 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባል ወፍራም ቅባት ነው። ፀጉርን ይለብሰዋል፤ ርጥበቱን ይይዝለታል፤ እንዳይሰባበር ይረዳዋል። የሳሳ ፀጉር ያበቅላል የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ ግን እስካሁን የለም። በአራተኛው ወር ግንባሬ ዳር አጫጭር ፀጉር ብቅ ቢልም ምስጋናው በይበልጥ ካውያውን፣ ኬሚካሉንና ጥብቅ ሹሩባውን በመተዌ ነው ብዬ አምናለሁ። ፓፒረሱም ሻጯም ትንሽ አጋነዋል።

ታዲያ ምን አተረፍሽ? ብትሉኝ፣ አንድ ነገር ገብቶኛል። ሙሽራ ስትሞሸር፣ አራስ ስትታረስ፣ ሕመምተኛ ሲያገግም ቅቤ የሚቀባው ሌላ ሰው ነው። አናት ለራስ እጅ አይመችማ! ነጋዴው ዘይቱን ጠርሙስ ውስጥ ሊያስገባው ችሏል፤ የሚያሸውን እጅ ግን ሊሸጥልኝ አልቻለም።

ዘይቱ የቀዘቀዘ ዕለት ማታ፣ እናቴ ብርጭቆውን አቀበለችኝና ልትሄድ ስትል «እማዬ፣ አንቺ ቀቢኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆመች። «ይሸታል እኮ» አለች።

«ይሽተት» አልኳት። ዱካ ስባ ተቀመጠችና ራሴን ወደ ጉልበቷ አስጠጋችው።