እኩልነት

እኩልነት በመጠን፣ በክብር ወይም በመብት አለመበላለጥ ነው። ስሙ የተገኘው «እኩል» ከሚለው ቅጽል ሲሆን እኩያ፣ እኩሌታ፣ እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት ዘመዶቹ ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚያመለክቱት ግማሽን ነው። በድሮው የመሬት ሥሪት «እኩል አራሽ» የሚባለው ጭሰኛ ከምርቱ ግማሹን ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር፤ እህሉ እኩል ይካፈላል፣ ሰዎቹ ግን አይተካከሉም። ይህን ግንኙነት የሻረው የየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ግዕዝ ለጽንሰ ሐሳቡ «ዕሪና» ይላል። ቤተ ክርስቲያን የሥላሴን በክብር አለመበላለጥ የምትገልጸው በዚሁ ቃል ነው።

የእንግሊዝኛውና የፈረንሳይኛው መጠሪያ ምንጭ ላቲን ነው፤ መነሻው «ኤኩውስ» ደልዳላ ማለት ሲሆን ፍትሐዊ የሚል ትርጉምም አለው። የሒሳቡን ምልክት (=) እ.ኤ.አ. በ1557 ያስተዋወቀው የዌልሱ ተወላጅ ሮበርት ሬከርድ ነው፤ ጎን ለጎን ከተሰመሩ ሁለት እኩል መስመሮች የበለጠ የሚመሳሰል ነገር የለም ብሎ።

በፖለቲካ ቃሉ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1789 ከፈረንሳይ አብዮት ወዲህ ነው። በኢትዮጵያም በ1960ዎቹ የብሔረሰቦች፣ የሃይማኖትና የጾታ እኩልነት የተማሪውና የአደባባዩ ጥያቄ ሆነ፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ሙስሊሞች የወጡበት ሰልፍ ከሁሉም ጎልቶ ይታወሳል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጉዳዩ አንቀጽ 25 ላይ ሰፍሯል፤ አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች የደረሰባቸውን የቆየ በደል ለማካካስ ልዩ ድጋፍ ይፈቅዳል።