ከነገረ ፈጅ እስከ ጥብቅና ድርጅት
(የብቸናንና የሞጣን የሙግት ታሪክ መነሻ በማድረግ)

ስለ ታላላቅ የንግድ ሕግ ድርጅቶች ታሪክና አገልግሎት እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ከለንደንና ከኒው ዮርክ ለመነሣት ነበር። ይሁን እንጂ የውጭውን አገር ታሪክ ብቻ መተረክ ለእኛ ባለሙያዎች ዋናውን ጥያቄ ሳይመልስ የሚያልፍ ይሆናል። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ሙግትን እንደ ሙያ ሲያከብር የኖረ ሕዝብ ጠበቆቹ በአንድ ስም ተሰባስበው የሚሠሩበትን ቤት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በሕግ ሳያቋቁም የቆየው ስለ ምን ነው? መልሱን ለመፈለግ ከቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ብቸናና ሞጣን ከመሰለ መነሻ የሚገኝ አይመስለኝም።

ሁለቱ ከተሞች፣ ዛሬ በአማራ ክልል በምሥራቅ ጎጃም ዞን ውስጥ የሚገኙት፣ በስማቸው የሚጠሩ የሁለት አውራጃዎች መቀመጫዎች ነበሩ። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም የሚገኙበት ይህ አገር በቅኔው የታወቀውን ያህል በሙግቱም የታወቀ ነው። የሁለቱ ሙያ ዝምድና ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሰሙን ከወርቁ መለየት የለመደ ጆሮ ከባላጋራው ቃል ውስጥ የተደበቀውን መሸሸጊያ ለማግኘት አይቸገርም። በጥንቱ ሥርዓት ተሟጋቹ ቆሞ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ «በላ ልበልሃ» እያለ ባላጋራውን በተጠየቅ ያፋጥጠዋል፤ በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ወርድ ይገጥማል፤ ዋስ ይጠራል። የተጣሉ ሰዎች «በሕግ አምላክ» ከተባባሉ በኋላ መንገደኛውን እንኳ ዳኛ አድርገው ሊያስቀምጡት ይችሉ ነበር። አንደበቱ የማይፈታለት ሰው ነገር አዋቂ ዘመዱን ወይም ነገረ ፈጁን ያቆማል። እንግዲህ የጥብቅና አገልግሎት በአገሩ አልነበረም ማለት አይቻልም። ያልነበረው ቤቱ ነው።

የሙግቱ ዋነኛ ምክንያት ርስት ነበር። ርስት ከመጀመሪያው አቅኚ አባት በመወለድ የሚገኝ መብት ነው፤ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። ስለሆነም አንድ ገበሬ በብዙ ቦታ የይገባኛል ጥያቄ ሊኖረው ይችላል፤ በእጁ ባለው መሬት ላይም ሌሎች ብዙዎች ሊነሡበት ይችላሉ። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ተመራማሪ በአጎራባቹ በደጋ ዳሞት ያካሄደውንና በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጽሐፍ ያወጣውን ጥናት ያነበበ ሰው ይህ ሥርዓት ምን ያህል ክርክር እንደሚወልድ ይረዳል። ለዚህ ዓይነቱ ክርክር የሚያስፈልገው ዕውቀት የአንቀጽ ዕውቀት አልነበረም። የትውልድ ሐረግን፣ ያለፈ ፍርድን፣ የሽማግሌ ምስክርን በቃል መያዝ ነበር። የተዋጣለት ነገረ ፈጅ ማለት በራሱ ውስጥ መዝገብ ቤት የተሸከመ ሰው ነው።

ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። ነገረ ፈጁ ሲሞት መዝገብ ቤቱም አብሮት ይቀበራል። የርስት ክርክር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የክርክሩ ዕውቀት ግን አይተላለፍም፤ ልጁ አዲስ ሰው ፈልጎ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይኖርበታል። በኋላ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልና በተወካዩ ሞት እንደሚቀር ደንግጓል። ሕጉ ልማዱን አጸናው ማለት ነው፤ አደራው የሰውየው እንጂ የቤቱ አልነበረም።

ይህ ጉድለት ከአንድ ቤተሰብ ክርክር አልፎ የብዙ ሰው ጉዳይ በሚሆንበት ጊዜ ይበልጥ ይታያል። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የብቸናና የሞጣ ገበሬዎች የፈሩት የግብሩን ክብደት ብቻ አልነበረም፤ ገማቾቹ የሚጽፉት መዝገብ ውሎ አድሮ በርስታቸው ላይ ማስረጃ ይሆንብናል ብለው ነው። ሥጋቱ የሕግ ሰው ሥጋት ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ነገሩ ግን በክርክር ሳይሆን በጠመንጃ ተቋጨ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። የሺዎችን አቤቱታ በአንድነት መርምሮ፣ በጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ እስከ መጨረሻው የሚከታተል የባለሙያዎች ቤት ቢኖር ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ ነበር ለማለት አልደፍርም። አቤቱታው ግን ከጥይቱ በፊት ሌላ መንገድ ባገኘ ነበር።

ወደ ውጭው ዓለም ዞር ብንል፣ የሕግ ድርጅት እዚያም በአንድ ጀንበር አልበቀለም። የለንደኑ ፍሬሽፊልድስ ታሪኩን የሚቆጥረው የእንግሊዝ ባንክ አማካሪ ከሆነበት ከ1743 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ዕድሜው ሳይሆን ደንበኛው ነው። ባንክ አይሞትም፤ የማይሞት ደንበኛ ደግሞ የማይሞት አማካሪ ይሻል። በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በኒው ዮርክ ፖል ክራቫት ወጣት ምሩቃንን በደመወዝ እየቀጠረ፣ በየባለድርሻው ሥር እያዘዋወረ የሚያሠለጥንበትን ሥርዓት ዘረጋ፤ ጥቂቶቹ ብቻ ለባለድርሻነት ይበቁ ነበር። በእንግሊዝ አገር እንኳ ከሃያ በላይ አባላት ያሉት ሽርክና ለሕግ አማካሪዎች የተፈቀደው በ1967 በወጣው የኩባንያዎች ሕግ ነው። የድርጅት መጠን የባለሙያው ትጋት ውጤት ብቻ ሳይሆን የሕግ ፈቃድም ውጤት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በእኛ አገር ዘመናዊው የፍርድ ቤቶች አደረጃጀት በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ተጀመረ፤ በጠቅላይ ግዛት ግን ገዥው ራሱ በችሎት ይሰየም ነበር። በ1952 ዓ.ም. ዣን ኤስካራ የጀመሩት፣ አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸሙት የንግድ ሕግ ታወጀ። በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ሕጉ ኖረ፣ ባለሙያውም መጣ፤ ደንበኛው ግን ብዙ አልቆየም። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና ታላላቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ፤ በዚያው ዓመት የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ የርስት ሙግትም አከተመ፤ የመሬት ክርክር ለገበሬ ማኅበራት ፍርድ ሸንጎ ተላለፈ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአዲስ አበባው የንግድ ጠበቃም የብቸናው ነገረ ፈጅም ሥራ ፈቱ።

የግል ባንኮች ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ እንደገና ሲቋቋሙ የንግድ ሕግ አገልግሎት ፈላጊም አብሮ ተመለሰ። የ1992 ዓ.ም. የጥብቅና አዋጅ ፈቃዱን ለግለሰቡ ባለሙያ የሚሰጥ ስለነበር አብረው የሚሠሩ ጠበቆች በአንድ ሰው ስም ሥር «ባልደረቦቹ» እየተባሉ ይቀመጡ ነበር። በውስጥ ድርጅት፣ በሕግ ፊት ግን ግለሰብ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይህን ለወጠ፤ ጠበቆች ኃላፊነቱ በተወሰነ የሽርክና ማኅበር መልክ የጥብቅና ድርጅት እንዲመሠርቱ ፈቀደ፣ የኢትዮጵያ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም አቋቋመ። በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህንኑ የሽርክና ዓይነት በአገራችን ሕግ ውስጥ አስገብቷል።

እንዲህ ያለው ድርጅት የሚሰጠው አገልግሎት በችሎት ከመቆም ያለፈ ነው። አንድ ኩባንያ ሌላውን ሊገዛ ሲያስብ የሚሸጠውን ኩባንያ ዕዳ፣ ግብር፣ የሠራተኛ ውልና የይዞታ ሰነድ አንድ በአንድ ይመረምራል፤ የብድርና የመያዣ ውል ያረቅቃል፤ ክርክር ሲነሣ በግልግል ዳኝነት ይቆማል። ለዚህ የግብር አዋቂው፣ የመሬት ሕግ አዋቂውና የውል አርቃቂው በአንድ ሰንጠረዥ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው። አንድ ሰው የቱን ያህል ቢበረታ ይህን ሁሉ አይሆንም።

ይህ አገልግሎት ለብቸናና ለሞጣ ምናቸው ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። የአካባቢው ጤፍ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል፤ ነጋዴው ሕንፃውን አስይዞ ከባንክ ይበደራል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የአቅርቦት ውል ይፈራረማል። ውሉ አዲስ አበባ ተረቅቆ፣ ክርክሩ ግን ብቸና ሊነሣ ይችላል። የፌዴራሉ አዋጅ ደግሞ የፌዴራል ነው፤ በክልል ጉዳይ በክልል ፍርድ ቤት ለመቆም የክልሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የአዲስ አበባው ድርጅት ከአገሬው ጠበቃ ውጭ ሥራውን ሊጨርስ አይችልም፤ የአገሬው ጠበቃም ብቻውን የአምስት ዓመት የብድር ሰነድ መርምሮ ለመጨረስ ይቸገራል።

የብቸናና የሞጣ ሁለት ጠበቆች በአንድ ቤት ለመሥራት ቢመካከሩ ስለ ትርፍ ክፍፍሉ ከመነጋገራቸው በፊት የሚወስኑት ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ደንበኛው የማን ነው፣ መዝገቡ የሚቀመጠው በማን ስም ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ቢሞት ወይም ሥራውን ቢተው በማግስቱ በቀጠሮው ሰዓት በችሎት የሚቆመው ማን ነው የሚለው ነው።