በረዶው ወደ ሸለቆው ይወርድ ይሆን? የፖርትላንድ የብርድ ወራት ትንበያና የትንሽ ዕድል ክብደት

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ረቡዕ ዕለት፣ በኦሪገን ግዛት ትልቋ ከተማ በፖርትላንድ፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት የበረታው በረዶ እስከ ሌሊት አላባራም። በአየር ማረፊያው መለኪያ የቀኑ ልክ 10.8 ኢንች፣ ማለትም ከ27 ሳንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ተመዘገበ። በከተማዋ መዝገብ በአንድ ቀን ከወረደው በረዶ ከ1943ቱ ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። በአውራ ጎዳናዎቹ ላይ መኪኖች ተቆላልፈው ቆሙ፤ ብዙ አሽከርካሪዎች ሌሊቱን መኪናቸው ውስጥ አደሩ፤ ሌሎች መኪናቸውን መንገድ ላይ ጥለው በእግራቸው ሄዱ። አስቀድሞ የወጣው ትንበያ የሚያወራው ግን ስለ ጥቂት በረዶ ነበር። ብዙ የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው ተብሎም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተለመደው ፍርድ «ትንበያው ተሳሳተ» የሚል ነው። ይህ ፍርድ ችኩል ነው ብዬ አምናለሁ። ትንሽ ዕድል አለ ተብሎ የተነገረ ነገር መድረሱ ብቻውን የተነገረውን ዕድል ውሸት አያደርገውም። ጥያቄው መነሳት ያለበት ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ያ ትንሽ ዕድል ከባለሙያው ጠረጴዛ ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ፣ መንገድ ጠባቂውና አሽከርካሪው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ የት ጠፋ? የሸለቆ በረዶ ጉዳቱ የተቆለለው ዕድላቸው ትንሽ በሆነ ውጤቶች ላይ ስለሆነ፣ በአንድ ቁጥር የሚነገር ትንበያ የሚጠቅመውን ዕውቀት ይጥለዋል። ከዚህ በታች የማቀርበው ክርክር ይኸው ነው፤ ለመረዳት ግን መጀመሪያ መሬቱንና አየሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፖርትላንድ የዊላሜት ወንዝ ከኮሎምቢያ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት፣ በዊላሜት ሸለቆ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። በምዕራብ የባሕር ዳርቻው ተራሮች ከፓስፊክ ውቅያኖስ ይለዩዋታል፤ በምሥራቅ የካስኬድ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። 3,429 ሜትር ከፍታ ባለው በማውንት ሁድ ላይ በረዶ በሜትር ሲለካ፣ ሸለቆው ውስጥ በዓመት የሚወርደው በአማካይ ከ10 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ጭራሽ ሳይወርድ የሚያልፍባቸው ዓመታትም አሉ። ስለዚህ የአካባቢው ሰው በየብርዱ ወራት የሚጠይቀው በረዶ መኖር አለመኖሩን አይደለም፤ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚወርድ ነው። በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ መለየትን ከልጅነቱ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ከፍታ የአየሩን ጠባይ ይወስናል፤ ዝናቡና በረዶው የሚለያዩትም በተራራው ወገብ ላይ በሚያልፍ መስመር ነው።

መስመሩ በተለመደው ቀን የት እንደሚያልፍ መገመት አይከብድም። ነፋሱ ከውቅያኖሱ ሲነሳ አየሩ በባሕሩ ሙቀት የተለዘበ ነው። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እየቀዘቀዘ ወደ ላይ ይወጣል። የበረዶ ቅንጣት ዜሮ ዲግሪን አልፎ እንደ ወረደ ወዲያው አይቀልጥም፤ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ 300 ሜትር ያህል ሳይቀልጥ ይዘልቃል። የበረዶው ወለል ከዜሮ ዲግሪው ከፍታ በዚህ ያህል ዝቅ ተደርጎ የሚሰላውም ለዚህ ነው። የአካባቢው ባለሙያዎች የ850 ሄክቶፓስካል ግፊት ባለበት ከፍታ፣ ማለትም 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ሙቀት ይመለከታሉ። የባሕር ነፋስ እየነፈሰ በዚያ ከፍታ ከዜሮ በታች ወደ 7 ወይም 8 ዲግሪ ካልወረደ፣ ሸለቆው ውስጥ የሚጠበቀው ዝናብ ነው።

ፖርትላንድን ልዩ የሚያደርጋት ግን ይህ ሥርዓት የሚገለበጥባቸው ቀናት መኖራቸው ነው። የኮሎምቢያ ወንዝ የካስኬድን ተራሮች ሰንጥቆ የሚያልፍበት ገደል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጥልቀቱ እስከ 1,200 ሜትር ይደርሳል፤ ወለሉም ለባሕር ወለል የቀረበ ነው። ከተራሮቹ በስተምሥራቅ ባለው ሰፊ ተፋሰስ በብርዱ ወራት ከባድና ቀዝቃዛ አየር ይጠራቀማል። ከባሕሩ በኩል ዝቅተኛ ግፊት ሲቀርብ ይህ አየር በገደሉ ተስቦ ወደ ፖርትላንድ ይፈስሳል። ባለሙያው በገደሉ ምሥራቅ ባለችው በዳልስና በምዕራቡ አፍ ባለችው በትራውትዴል መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት በየሰዓቱ የሚከታተለው ስለዚህ ነው፤ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ነፋሱ ይበረታል። ያን ጊዜ ቆላው ከደጋው ይበርዳል፤ ኮረብታው ላይ ዝናብ ሲዘንብ ወንዙ ዳር በረዶ ሊሆን ይችላል። ከላይ ሞቃት አየር ከገባ ደግሞ በረዶው መሐል አየር ላይ ይቀልጥና፣ ዝናብ ሆኖ ወርዶ ዛፉንና አስፋልቱን ሲነካ ይረጋል። ከሁሉ የከፋው ይኸኛው ነው፤ ዛፍ ይገነጥላል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ይበጥሳል፣ ጠንቃቃ አሽከርካሪንም ያንሸራትታል።

አሁን አንድ ዲግሪ ምን ያህል እንደሚመዝን ቀረብ ብለን እንየው። አየሩ 4 ዲግሪ ሙቀትና 40 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት አለው እንበል። ዝናቡ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በደረቁ አየር ውስጥ ይተናሉ፤ ትነት ሙቀት ይወስዳል፤ አየሩ እስኪረጥብ ድረስ እየቀዘቀዘ ወደ ዜሮ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ያው 4 ዲግሪ ያለው አየር እርጥበቱ 90 በመቶ ቢሆን ኖሮ ከ3 ዲግሪ በታች አይወርድም ነበር። ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩን ብቻ አይቶ «ይህማ ዝናብ ነው» የሚል ሰው ማታ በበረዶ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። የሸለቆ በረዶን የሚከታተል ሰው ከተራው ቴርሞሜትር ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነውን ቴርሞሜትር ንባብ የሚያምነውም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ኃይል መቅለጥ ራሱ ነው። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ከአየሩ ይወስዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ ያ መጠን 300 ሜትር ውፍረት ባለው የአየር ንብርብር ውስጥ ሲቀልጥ ንብርብሩን ወደ 0.9 ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል። ሞቃት አየር ከሌላ ቦታ እየገባ ካልተካው፣ በሰዓት 3 ሚሊ ሜትር የሚጥል ደመና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ዲግሪ ሊቀርብ የሚችል ቅዝቃዜ ያመጣል ማለት ነው። እንግዲህ ዝናብ ወይም በረዶ መሆኑን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ብቻ ሳይሆን የአወራረዱ ብርታትም ነው። ቀለል ያለ ካፊያ እንደ ዝናብ ይቀራል፤ ከባዱ ግን የራሱን ብርድ ይፈጥራል። አንዴ በረዶ ከሆነ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ በተለምዶ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል በረዶ ይሆናል። የዝናብ መጠኑን በጥቂት ሚሊ ሜትር፣ ሙቀቱን በአንድ ዲግሪ የሳተ ትንበያ በሌላ ወቅት ማንም የማያስተውለው ስሕተት ነው፤ እዚህ ግን እርጥብ አስፋልትን ከተዘጋ ከተማ የሚለየው ያ ነው።

በ2023ቱ ቀን የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከባሕር ዳርቻው ውጪ ወደ ደቡብ የተጓዘ ዝቅተኛ ግፊት ጠባብና ብርቱ የበረዶ ቀበቶ በከተማዋ ላይ አሳረፈ፤ ቀበቶውም ለሰዓታት አልንቀሳቀስ አለ። እንዲህ ያለውን ቀበቶ ቦታው የት እንደሚሆን በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ልዩነት ከአንድ ቀን በፊት መናገር ለማንኛውም የትንበያ ሞዴል ከባድ ነው። ዓለምን በሙሉ የሚያሰሉት ዋና ዋና ሞዴሎች ምድርን የሚከፋፍሉት 9 ወይም 13 ኪሎ ሜትር በሚያህል ስፋት ነው፤ በዚያ ስፋት የኮሎምቢያ ገደል ግድግዳዎች ተለሳልሰው ይጠፋሉ። በ3 ኪሎ ሜትር ስፋት የሚሠራው የአሜሪካ አጭር ጊዜ ሞዴል ገደሉን ያየዋል፤ የሚያየው ግን የሚቀጥሉትን ሰዓታት ብቻ ነው። ራዳሩም የራሱ ፈተና አለው። የሚቀልጥ ቅንጣት በውኃ ስለሚሸፈን ሞገዱን አብዝቶ ይመልሳል፤ ራዳሩም ከእውነቱ የበረታ ዝናብ ያለ ያስመስላል።

ለዚህ ሁሉ ሳይንሱ ያገኘው መልስ አንድን ስሌት በመጠኑ በተለያዩ መነሻዎች ደጋግሞ ማስላት ነው። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከልና የአሜሪካው ብሔራዊ ማዕከል ከ1992 ጀምሮ ይህን በመደበኛነት ይሠራሉ። ከሃምሳ ስሌቶች አርባ ሰባቱ ጥቂት ወይም ምንም በረዶ ካላሳዩ፣ ሦስቱ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ካሳዩ፣ ባለሙያው ያወቀው ነገር አለ፤ ያወቀውን ግን «ከ0 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር» በሚል አንድ መስመር ሲጽፈው ሦስቱ ስሌቶች ከሕዝብ ዓይን ይሰወራሉ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም በላይ የሚጠቀሰው ሰው የሠራው እዚያው ሸለቆ ውስጥ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አለን መርፊ በኮርቫሊስ ከተማ በሚገኘው የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበረ ሲሆን፣ በ1993 ባሳተመው ድርሳኑ ጥሩ ትንበያ ምን እንደሆነ ጠየቀ። መልሱ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ማየት ነበር። አንደኛው ትንበያው ከባለሙያው እውነተኛ ግምት ጋር መስማማቱ ነው፤ ሁለተኛው ከሆነው ነገር ጋር መግጠሙ፣ ሦስተኛው ለተጠቃሚው ውሳኔ መጥቀሙ። የመጀመሪያውን ሰዎች ቀላል አድርገው ያልፉታል። የባለሙያው ግምት በራሱ እርግጠኝነት የጎደለው ከሆነ፣ ያንን የማይናገር ትንበያ ከግምቱ ጋር አልተስማማም። በሸለቆ በረዶ ላይ ደግሞ እርግጠኛ ግምት የሚኖርበት ቀን ብርቅ ነው።

ጥቅም የሚለው ሦስተኛው ነጥብ በቀላል ሒሳብ ይገለጻል። መከላከያው አንድ የሚያወጣ፣ ሳይከላከሉ የሚደርሰው ጉዳት ሃያ የሚያወጣ ከሆነ፣ ዕድሉ ከ5 በመቶ በላይ በሆነበት ቀን ሁሉ መከላከሉ ያዋጣል። ሠራተኛን ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ወደ ቤቱ መላክ ወይም የጨው መኪናዎችን በተጠንቀቅ ማቆም ወጪው ይታወቃል፤ በሺህ የሚቆጠር መኪና አውራ ጎዳና ላይ ማደሩም ወጪው ሊገመት ይችላል። ለቤተሰብ የወጪውና የጉዳቱ ሬሾ ሌላ ነው፤ ጠባብ ዳገት ላይ ለሚኖርና ሕፃን ላለው ሰው 5 በመቶ ብዙ ነው፤ ሥራው ቤቱ ለሆነ ሰው 50 በመቶም ላያሳስበው ይችላል። አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ትንበያ ይህን ውሳኔ በሁሉም ስም አስቀድሞ ይወስናል፤ ባለሙያው ደግሞ የማንንም ሬሾ አያውቅም።

«ሕዝቡ መቶኛ አይገባውም፤ ደጋግመን ስናስጠነቅቀው ማመኑን ይተዋል» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ይህን ተቃውሞ በሙከራ የፈተኑት ሱዛን ጆስሊንና ባልደረባዋ ለክለርክ በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ተሳታፊዎች መንገድ በረዶ ሳይሠራበት በፊት ጨው ይረጭ ወይስ አይረጭ የሚል ውሳኔ እንዲሰጡ ተደረገ። በ2012 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ የውርጩን ዕድል በመቶኛ የተነገራቸው ሰዎች የሙቀት ቁጥር ብቻ ከተነገራቸው የተሻለ ወሰኑ፤ ትንበያው ሲሳሳትም እምነታቸው ያን ያህል አልወረደም። በ2015 ስለ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ያወጡት ጥናት ደግሞ፣ የሐሰት ማስጠንቀቂያን ቁጥር ከመቀነስ ይልቅ ዕድሉን በግልጽ መናገር የበለጠ እንደሚረዳ አሳየ። ሰው እምነቱን የሚያጣው በእርግጠኝነት ተነግሮት ሳይሆን ሲቀር ነው።

በፖርትላንድና በሲያትል ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህ ሩቅ የምሁራን ክርክር አይደለም። ገና የመጣ ሰው በረዶውን የሚሰማው ከስልኩ ላይ ካለች ትንሽ ሥዕል ወይም «ዛሬ በረዶ የለም አሉ» ከሚል ወዳጅ ነው፤ ሁለቱም መቶኛውን ጥለውታል። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ የማኅበረሰብ ማኅበር ለአባላቱ መልእክት ሲልክ «ጥቂት በረዶ ይጠበቃል» ከማለት ይልቅ «ብዙ የመውረድ ዕድሉ ከሃያው አንድ ነው፤ ከሆነ ግን የሚጀምረው በሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ አያት ልጃቸውን «ዛሬስ ቀደም ብለህ ተመለስ» ለማለት ምክንያት ያገኛሉ። ሰዓቱ ከመጠኑ እኩል መነገር አለበት፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚወርድ አምስት ሳንቲ ሜትር የሰው ጉዞ ሳያስተጓጉል ሊያልፍ ይችላል፤ አመሻሽ ላይ የሚወርድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ግን ድልድዮችን ይዘጋል።

ከዚህ ጋር አንድ የሥራ ጉድለት አብሮ መታየት አለበት። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የዝናብ ዕድልን ለሕዝብ በመቶኛ መንገር የጀመረው በ1965 ነው። እንዲህ ያለ ትንበያ የሚመዘንበትን ሒሳብ ደግሞ ግሌን ብራየር ከዚያ ቀደም ብሎ በ1950 አውጥቶ ነበር። 5 በመቶ የተባለ ትንበያ በአንድ ቀን አይፈተንም፤ 5 በመቶ የተባለባቸው ቀናት ሁሉ ተሰብስበው ከሃያው በአንዱ ያህል ሆኖ እንደሆነ ይታያል። ዝናብ በሚበዛበት ሸለቆ ለዝናብ ይህን ማድረግ ጥቂት ወራት ይበቁታል። ለበረዶ ግን አጋጣሚው በዓመት ጥቂት ቀን ስለሆነ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል፤ መዝገቡ ካልተጠበቀ ደግሞ ምንም ያህል ዓመት አይበቃም። ስለዚህ በየብርዱ ወራት መጨረሻ፣ ከ2፣ ከ5ና ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ የመውረድ ዕድል ተብሎ የተሰጠው መቶኛ ሁሉ ከቀኑ፣ ከሰፈሩና ከተለካው በረዶ ጋር ተዘርዝሮ ለሕዝብ መውጣት ይኖርበታል፤ በረዶ ሳይወርድ ያለፉት ቀናት ጭምር።