አምሳለ መኪና በወለጋ ከተሞች

የአንድን አገር የመንገድ ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው መዝገብን ነው። መንገዱ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተጠረገ፥ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ረዘመ፥ ስንት ድልድይ እንደ ተሠራለትና ምን ያህል ገንዘብ እንደ ወጣበት ከመዝገብ ያገኘዋል። ነገር ግን መንገዱ ሲመጣ ዳር ቆሞ የተመለከተው ሰው ምን እንዳየ መዝገቡ አይነግረንም። እኛ በነቀምቴና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ይህንን የሚነግረን ሌላ ምስክር አለ ብለን እናምናለን። ይኸውም ልጆች ከሽቦ፥ ከቆርቆሮና ከበቆሎ አገዳ የሚሠሩት አምሳለ መኪና ነው።

«የሕፃናት መጫወቻ ከታሪክ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ ለመስጠት አምሳለ መኪና መሥራት በሌላው ዓለም እንዴት ተጀምሮ እንዴት እንዳደገ አስቀድመን ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልገናል።

በእንግሊዝ አገር የሊቨርፑል ሰው የነበረው ፍራንክ ሆርንቢ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1901 ዓ. ም. ልጆች በብሎንና በዳዶ እያያዙ የሚገጣጥሙትን የብረት መጫወቻ አስመዘገበ፤ ኋላም ይህ መጫወቻ «መካኖ» ተባለ። ከዚሁ ድርጅት በ1934 «ዲንኪ» የሚባሉት ትንንሽ የብረት መኪናዎች ወጡ። በ1952 ደግሞ ጃክ ኦዴል የተባለ የለንደን ባለ ሙያ፥ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ይዛው ልትሄድ የሚፈቀድላት መጫወቻ በክብሪት ቤት የሚገባ ብቻ ስለ ነበረ፥ የመንገድ መዳመጫ መኪና ከናስ አሳንሶ ሠራላት ይባላል። በዓመቱም «ማችቦክስ» የተባሉት መኪናዎች ለገበያ ቀረቡ።

በአሜሪካ አገር ነገሩ ከመጫወቻነት አልፎ የትምህርት መሣሪያ ሆኖ ነበር። የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የነበረው ፊሸር ቦዲ ከ1930 እስከ 1968 ድረስ ወጣቶች አምሳያ እየሠሩ ለትምህርት ገንዘብ የሚወዳደሩበትን ማኅበር ያካሂድ ነበር። ወጣቶቹ በመጀመሪያ የናፖሌዎንን ሠረገላ በትንሹ እየቀረጹ ይወዳደሩ ነበር፤ ኋላ ግን ራሳቸው ያሰቡትን መኪና ከእንጨት ወይም ከሌላ ነገር እየሠሩ ያቀርቡ ጀመር። በ1947 ከተሸለሙት አንዱ የሆነው ቻክ ጆርዳን ካደገ በኋላ የጄኔራል ሞተርስ የንድፍ ሥራ ኃላፊ ለመሆን በቃ። እንግዲህ የልጅ እጅ የሠራው ትንሽ መኪና ትልቁን መኪና ወደሚወልድ አእምሮ ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፕላስቲክ በዝቶ ስለ ወጣ በሣጥን የሚሸጥ አምሳለ መኪና በየአገሩ ተስፋፋ። የእንግሊዙ ኤርፊክስ በ1949 የፈርጉሰንን ትራክተር አምሳያ ሠራ፤ በአሜሪካም ሬቬልና ኤ ኤም ቲ የተባሉት ድርጅቶች በዚህ ሥራ ታወቁ። በሣጥኑ ውስጥ ቁጥር የተሰጣቸው ቁርጥራጮች አሉ፤ ቁጥሩን ተከትሎ የሚገጣጠምበትም መምሪያ ወረቀት አለ። ልኩም አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ መኪና አንድ ሃያ አራተኛ ሆኖ ሲሠራ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ አንድ አርባ ሦስተኛ ሲሆን ደግሞ ወደ 14 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ሠሪው ቁርጥራጮቹን አጥቦ፥ ጠርዛቸውን ሞርዶ፥ ቀጭን ቀለም ደጋግሞ ይቀባል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አይደርብም። ይህ ትዕግሥትን የሚያስተምር መልካም ሙያ ነው። ሆኖም ልኩን ያሰበለት ሌላ ሰው መሆኑን ልብ ልንል ይገባናል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ሕዝብ ካያቸው የመጀመሪያዎቹ ባለ እንፋሎት ተሽከርካሪዎች አንዱ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያመጣው የመንገድ መዳመጫ ነው፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ይለው ነበር። የለንደኑ ባለ ሙያ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለልጁ አሳንሶ የሠራላት ይኸው ዓይነት መዳመጫ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ቀጥሎም በ1900 ዓ. ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ገባ፤ ጥቂት ቆይቶም ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ሌላ አውቶሞቢል አመጣ።

በዚያን ጊዜ ግን ወለጋ ከመኪና ድምፅ ርቆ ነበር። የአገሩ ቡናና ወርቅ የሚጓዘው በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ነበር። ከሰዮ አካባቢ የሚወጣው ቡናም በ1894 ዓ. ም. በተደረገው ውል ለእንግሊዞች ወደ ተፈቀደው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ወርዶ፥ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ከብት ጠባቂው ልጅ የሚሠራው መጫወቻም የዘመኑን ኑሮ ይመስል ነበር፤ ጭቃ አድቦልቡሎ ላምና በሬ፥ ፈረስና በቅሎ ያበጅ ነበር። የበሬውን ሻኛና የላሚቱን ቀንድ ሲያወጣ መምሪያ አላስፈለገውም፤ ከብቶቹን ቀኑን ሙሉ ሲያያቸው ይውላልና።

በ1928 ዓ. ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ወለጋ የታላቅ ሥራ ቦታ ሆነ። በነቀምቴ አቅራቢያ በቦኔያ ያረፉትን ሦስት የጠላት አይሮፕላኖች የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ አቃጠሏቸው። ጠላት በኋላ ከተማውን ሲይዝ ለጦሩ መተላለፊያ የሚሆን መንገድ በየአቅጣጫው ያስጠርግ ጀመር፤ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውም ከነዚህ አንዱ ነበረ። በ1933 ዓ. ም. ጠላት ከአገራችን ወጣ፤ ካሚዮኖቹ ግን ቀሩ። በ1943 ዓ. ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህ የመንገዱ ሥራ በአገሩ ሁሉ እየሰፋ ሄደ። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ነቀምቴም ወደ ጊምቢ፥ ወደ ነጆና ወደ ደምቢ ዶሎ፥ እንዲሁም ወደ አርጆና ወደ ሻምቡ ለሚሄዱ መንገደኞች መገናኛ ሆነች።

በዚህን ጊዜ የልጆቹ እጅ ከጭቃው በሬ ወደ መኪናው ተሻገረ። ወለጋ የበቆሎ አገር ስለሆነ ትንሹ ልጅ የሚጀምረው በአገዳ ነው። የአገዳውን ልጥ ልጦ ውስጡን ያለውን ለስላሳውን ነገር አካል ያደርገዋል፤ ልጡን ደግሞ እንደ ምስማር እየሰካ ያያይዘዋል። ከፍ ሲል ወደ ሽቦ ይሸጋገራል። ወፍራሙን ሽቦ አጥፎ ሻንሲውን ያወጣል፤ መገጣጠሚያውን በቀጭን ሽቦ ወይም ከከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ይጠፍራል፤ የሳርዲን ቆርቆሮ ቀድዶ ጣራና በር ያበጅለታል። ጎማው ከቆርኪ፥ ካረጀ ጫማ ሶል ወይም ከተጠረበ ባሕር ዛፍ ይሆናል። ከፊተኛው ጎማ ረጅም ሽቦ ወደ ላይ አውጥቶ ጫፉን እንደ መሪ ያከብበዋል፤ ከዚያም ቆሞ እየሮጠ ይነዳዋል። ቀለም ቢያገኝ ከሱቅ በር የተረፈውን ይለቀልቀዋል፤ ባያገኝ ከሰልና ቀይ አፈር ይበቃዋል።

ልኩን የሚያወጣው በዓይኑ ነው። በመንገድ ዳር የቆመውን መኪና በስንዝርና በክንድ እየለካ «ጎማው ከበሩ በታች ይሆናል፤ ካቢናው ከስፖንዳው ከፍ ይላል» እያለ ከጓደኞቹ ጋር ይከራከራል። ጎማው ትልቅ ሆኖ አካሉ ያነሰበት ልጅ ይሳቅበታል፤ ስለዚህ አፍርሶ እንደገና ይሠራል። በሣጥን የሚሸጠው አምሳያ በቁጥር ያስቀመጠውን ልክ እርሱ ከጓደኞቹ ሳቅ ይማረዋል።

ከመኪናው ጋርም ቃሉን ይማራል። ካቢና፥ ስፖንዳ፥ ኮፈን፥ ባሌስትራ፥ ቸርኬ፥ ካምቢዮ የሚሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ ወደ ጋራዥ፥ ከጋራዥም ወደ ልጆች አፍ የገቡ ናቸው። በኦሮምኛ ደግሞ መኪና «ኮንኮላታ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የሚንከባለል ማለት ነው። የወለጋ ልጅ ጠቅላላውን ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋው፥ ክፍሉን ግን በመካኒክ ቋንቋ እየጠራ ያድጋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስተዋልነው ነገር አንድ ነው። በሣጥን በሚሸጠው አምሳያ ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ከነሻማው ተሠርቶ የሚታይበት ብዙ ጊዜ ነው። የሽቦው መኪና ግን ሞተር የለውም። በዚያ ፈንታ በአውቶቡሱ ጣራ ላይ የዕቃ መጫኛ ፍርግርግ አለ፤ ወደ ላይ መውጫ መሰላል አለ፤ ከካቢናው ግራና ቀኝ የወጣ ትልቅ መስተዋት አለ፤ በካሚዮኑም ላይ ጆንያ የሚመስል ጭነት ይታሰራል። ይህ ጉድለት አይደለም። በሣጥን የሚሸጠው መኪና የፋብሪካ ነዳፊ ያየው መኪና ነው፤ የሽቦው መኪና ግን በመንገድ ዳር የቆመ ሰው ያየው መኪና ነው። መኪና ለወለጋ ገበሬና ነጋዴ ቡና የሚጭን፥ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ፥ ዘመድ ከሩቅ የሚያመጣ ነገር ሆኖ ነው የመጣው። ልጁም የቀረጸው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ እነዚህን መጫወቻዎች በየዘመናቸው ቢደረድሯቸው የመንገዱ ታሪክ ይነበብባቸዋል። አፍንጫው የረዘመው ካሚዮን ከኢጣልያ ዘመን የቀረውን፥ በተለምዶ «ትሬንታ ኳትሮ» የተባለውን ፊያት ያስታውሳል። ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው ደግሞ ከእርሱ በኋላ የመጣው «ኤንትሬ» ነው። አራት ማዕዘኑ ላንድሮቨር ይከተላል፤ ከዚያም አይሱዙ ይመጣል፤ በመጨረሻም ሦስት እግር ያለው ባጃጅ በልጆች እጅ ታየ።

በእርግጥ ይህ ሙያ የወለጋ ብቻ አይደለም። በአገራችን በብዙ ስፍራ ይታያል፤ በማላዊም ልጆች ከሽቦ የሚሠሩት መኪና «ጋሊሞቶ» ተብሎ የታወቀ ነው። ድህነትንም ልናሞግስ አንፈልግም፤ በሽቦ የሚጫወት ልጅ ሁሉ በሣጥን ያለውን ቢያገኝ የሚጠላ አይመስለንም፤ ቢያገኝም ደስ ይለናል። የሚያሳዝነን ሌላ ነው። የሽቦ መኪና ዕድሜው አጭር ነው። ክረምቱ ሲገባ ይዝጋል፤ ልጁ ሲያድግ ይጣላል፤ ሽቦውም ለሌላ ጉዳይ ይፈታል። ዛሬ ደግሞ ከውጭ የመጣ ርካሽ የፕላስቲክ መኪና በየገበያው ስለሚሸጥ ትንንሾቹ ከታላቆቻቸው የሚማሩበት ጊዜ እያጠረ ሄዷል። አንዱ ልጅ ለሌላው በማሳየት ብቻ የሚተላለፍ ሙያ መካከሉ አንድ ጊዜ ከተቋረጠ የሚመልሰው መጽሐፍ የለውም።

በነቀምቴ የሚገኘው የወለጋ ሙዚየም የእንጨት ቅርጻ ቅርጹን፥ የስፌቱንና የፈትሉን ሥራ አሰባስቧል፤ አርበኞች ከጣሉት የኢጣልያ አይሮፕላን የቀረውም አካል በዚያ ይታያል። ከዚህ አይሮፕላን ጎን አንዲት የሽቦ ካሚዮን ብትቀመጥ ነገሩ የሚያንስ አይመስለንም። አይሮፕላኑ ጠላት በብረቱ እንዴት እንደ መጣብን ያሳያል፤ ካሚዮኗ ግን ልጆቻችን ያንኑ የባዕድ ብረት በዓይናቸው መርምረው፥ በእጃቸው አጥፈው፥ የራሳቸው እንዴት እንዳደረጉት ታሳያለች።

መምህራንም ቢሆኑ ብዙ ሊያደርጉ ይችላሉ። ክፍልፋይን የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ወደ መኪና መናኸሪያ ወስዶ አንድ አውቶቡስ በሜትር ያስለካቸው፤ ከዚያም ልኩን ለ24 አካፍለው በሽቦ እንዲሠሩት ይዘዛቸው። ትምህርቱ በብላክ ቦርድ ላይ ከሚቀር ቁጥር ይልቅ በእጃቸው ውስጥ ይቀራል። ሥራው ካለቀ በኋላም የሠሪው ስም፥ የተሠራበት ከተማና ዓመተ ምሕረት በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበት። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ቁም ሣጥንና አንድ አሳቢ ሰው ይበቃል።

አባቶቻችን የጭቃውን በሬ አላስቀመጡልንም፤ እኛም አልወቀስናቸውም፤ በሬው ራሱ በደጃቸው ነበረና። የትሬንታ ኳትሮ ዘመን ግን አልፏል፤ ያንን ያየ ሰውም እያነሰ ሄዷል። ዛሬ በጊምቢ ወይም በነጆ አንድ ልጅ በሽቦ መኪናው እያጓራ በፊታችን ቢያልፍ ቆም ብለን እንየው፤ ማን እንዳስተማረውም እንጠይቀው። የሚሰጠን መልስ በመዝገብ ያልተጻፈ ታሪክ ይሆናልና።